ለሊሴ ለሐሊማ የሰጠችው ቃል

ጎረቤቴ ለሊሴ ገላና ሰርግ አትሄድም። ስትጠራ ስጦታውን ቀድማ ትልካለች፤ የሰርጉ ዕለት ግን በሯን ዘግታ ልብስ ስታጥብ ትውላለች። የሰፈሩ ሴቶች መጀመሪያ ኩራት ነው አሉ፤ ቀጥለው የፓስተሯ ትምህርት ነው አሉ፤ በመጨረሻ «ሱዳን ሄዳ ተቀይራ መጣች» ብለው ተዉአት። እኔ ደመቀ፣ ጡረታ የወጣሁ የሥነ ዜጋ መምህር፣ ከእሷ ጋር አጥር የምጋራ ሰው፣ ምክንያቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ካወቅሁት ወዲህ ደግሞ ንዴቴ አልበርድልህ ብሎኛል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ተረጋግቼ አይደለም፤ አንባቢ ይታገሠኝ።

በመጀመሪያ ስለ ሲንቄ ልናገር፤ እኔም ከጎጃም ተመድቤ አሰላ ስመጣ አላውቀውም ነበር። ሲንቄ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ በትር ነው። የአርሲ እናት ልጇን ስትድር በእጇ ትሰጣታለች፤ ያገባች ሴት ሁሉ አላት፤ ሰርግ ላይም ይዛው ትወጣለች። ሁለት ወገን ተጣልቶ ለመገዳደል ሲሰለፍ፣ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው መሃል ከገቡ ወንድ የተባለ አልፎ አይሄድም። ያለፈ ይረገማል፤ እርግማኑንም የሚጠራጠር አላጋጠመኝም። የተበደለች ሴት ሲንቄዋን ይዛ ከጮኸች ደግሞ፣ የሰማች ሁሉ የያዘችውን ጥላ ትወጣለች፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ወደ ቤት መመለስ የለም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ቻርተር ሳስተምር ኖሬያለሁ። ይህችን በትር የሚያህል የሚከበር ውሳኔ ግን በዚያ ቻርተር ሥር ሲተላለፍ አላየሁም።

ለሊሴ የተወለደችው ዲክሲስ ነው፤ ገብስና ስንዴ ከሚያርሱ፣ እሁድ እሁድ ከዝማሬ ከማይቀሩ ቤተሰቦች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰች ሠራዊት ገባች፤ እዚያው የሕክምና ረዳትነት ተማረች። ባሏ ቱፋ የኮምባይነር ሾፌር ነው፤ በአጨዳ ወራት ከማሳ ማሳ ሲዞር ይከርምና ቤቱ ሲገባ ከሰላምታው እንቅልፉ ይቀድማል። ደግ ሰው ነው። የእሷ ሻለቃ ጦር «ሚሽን»፣ ማለትም ለሰላም ማስከበር፣ እንደሚሄድ፣ መድረሻውም ዳርፉር እንደሆነ ሲሰማ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። የተባበሩት መንግሥታትን ሰማያዊ ቆብ ማድረግ ያኔ እንደ ሹመት ነበር። እናቷ አዴ ዋጋዬ ብቻ ደስ አላላቸውም። ሲንቄዋን አውጥተው ከሻንጣዋ ጋር በገመድ አሰሩት።

«እማዬ፣ ወታደር እኮ ነኝ። በትር ምን ያደርግልኛል?» አለቻቸው።

«ጠመንጃው የመንግሥት ነው፤ ስትመለሺ ታስረክቢዋለሽ። ይህ ግን ያንቺ ነው» አሏት።

የተመደበችው ኡም ዘይት የሚባል የተፈናቃዮች ሰፈር አጠገብ ነበር። በድንኳን ውስጥ ቁስል ታጥባለች፤ ቁስል ስታጥብም ዐረብኛውን ለቃቀመችው። የሰፈሩ ሴቶች አለቃ ሐሊማ የምትባል፣ ድምፅዋ ከሩቅ የሚሰማ፣ ከወታደሩ ሁሉ ጋር የምትቀልድ ትልቅ ሴት ነበረች። ሁለት ወንዶች ልጆቿን በመጀመሪያው ጦርነት አጥታለች። ዓርብ ዓርብ ለሊሴን ከፊቷ አስቀምጣ ፀጉሯን ትሠራት ነበር። «ወታደርም ቢሆን ሰው ይመስላል እንጂ» እያለች ትጎትታታለች። ለሊሴ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነው፤ ስለዚያ አገር ስታወራ ስትስቅ ያየኋት በዚህ ላይ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት የሰፈሩ ሴቶች እንጨት ለቅመው ሲመለሱ፣ ግመል አርቢዎች በመሣሪያ መንገድ ዘጉባቸው። ግመሎቹ የሴቶቹን ማሽላ በልተው፣ ሴቶቹ ግመል በድንጋይ መትተው፣ ነገሩ የቆየ ነበር። የለሊሴ ቡድን ሁለት መኪና ይዞ እዚያው ነው። አዛዡ ፈቃድ ለመጠየቅ በሬድዮ ወደ ላይ ጠራ፤ ከላይ «ጠብቁ» የሚል መልስ መጣ። ጠብቁ የሚለው ቃል በዓለም አቀፍ ሕግ ውስጥ ከሁሉም የጠነከረው አንቀጽ ሳይሆን አይቀርም።

ለሊሴ ግን አልጠበቀችም። ጠመንጃዋን ለጓደኛዋ ሰጥታ፣ ሲንቄዋን ከመኪናው አውርዳ፣ በሁለት እጇ ከፊቷ አግድማ ይዛ ሄዳ መሃል ቆመች። ሐሊማ ነገሩ ባይገባትም መጥታ አጠገቧ ቆመች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ከአርቢዎቹ ወጣቶቹ ሳቁ፤ አንዱ ጠመንጃውን አቀባበለ። ያን ጊዜ ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ የልጁን እጅ ያዘ። ሴቶቹን አየ፣ በትሩን አየ፣ ከዚያ ግመሉን አዞረ። ስለ ሲንቄ ማን ነግሮት? ግን በዚያም አገር የሴት ፊት ተረግጦ አይታለፍም ኖሯል።

ይህ ወሬ ዶክተር ሄንድሪክ ጆሮ ደረሰ። ዶክተር ሄንድሪክ የሚሽኑ የሲቪል ጉዳዮች ኃላፊ፣ ረጅም፣ ትሑት የሚመስል፣ ከካሜራው የማይለይ ፈረንጅ ነበር። ክፉ ሰው ነው ማለት አልችልም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አርቢዎቹንና ተፈናቃዮቹን በአንድ ዛፍ ሥር ሰብስቦ ለማስታረቅ ደከመ፤ ተሳካለትም። በዕርቁ ቀን ለሊሴን ጠርቶ ሲንቄውን ይዛ በመሃል እንድትቆም አደረገና የምትናገረውን ሰጣት፦ «ጥለናችሁ አንሄድም በያቸው።»

የለሊሴ እንግሊዝኛ ለጨዋታ ባይበቃም ለሥራ ይበቃል። «ዶክተር፣ በእኛ አገር ሲንቄ ተይዞ የተነገረ ቃል አይመለስም። እውነት ካልሆነ አልለውም» አለችው።

«ከኋላዬ መላው ዓለም አለ። ያለ ስጋት ተናገሪው» አላት።

ተናገረችው። ተናግራም አልቀረች፤ ሲንቄውን ለሐሊማ በእጇ ሰጠቻት። «ይህ መያዣ ነው» አለቻት በዐረብኛ። «ሰላም ሆናችሁ እኛን የማትፈልጉበት ቀን ትመልሽልኛለሽ። እስከዚያ ቃሌ አንቺ ዘንድ ነው። ካፈረስኩት እርግማኑ በእኔ ይድረስ።» የአርሲ ሴት ለማንም የማትሰጠውን ነገር ለባዕድ አገር ሴት ሰጥታ፣ ያንን ያህል አምና፣ የሻለቃዋ ጊዜ ሲያልቅ ተተኪዎቹ ቃሉን ይጠብቃሉ ብላ ወደ አገሯ ተመለሰች።

ብዙም ሳይቆይ አገሮች ኒው ዮርክ ላይ ተሰብስበው እጃቸውን አወጡ፤ ሚሽኑ ተዘጋ። ሕጋዊ ነው፤ አንቀጽም አለው፤ እኔው ራሴ ሳስተምረው የኖርኩት ነው። ሰማያዊ ቆቦቹ ድንኳናቸውን ነቅለው ሄዱ። ከዚያ ያ አገር እንደገና በእሳት ተያያዘ። ለሊሴ አንድ ቀን ስልኳ ላይ የኡም ዘይትን ጣሪያዎች አመድ ሆነው አየች። የምታውቀውን ቁጥር ሁሉ ደወለች፤ አንዱም አይነሳም። ሠራዊቱን ለቀቀች፤ አሁን እዚህ አሰላ በአንድ የግል ክሊኒክ ቁስል ታሽጋለች። አዴ ዋጋዬ «ሲንቄሽ የት አለ?» ባሏት ቁጥር «ሰው ጋ ነው» ትላለች። እናቷም ሰው ጋ የሚቀመጥ ሲንቄ ሰምተው ስለማያውቁ፣ ሸጠችው ይሆናል ብለው አዝነው ነበር። ሰርግ የማትሄደው ባዶ እጇን ላለመታየት ነው።

ይህን ሁሉ በአጥር ላይ የነገረችኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። «ጋሼ ደመቀ፣ ሁለት ነገር ብቻ ነው ማወቅ የምፈልገው» አለችኝ። «ሐሊማ አለች ወይ? ስለ እኔስ ምን አለች? ረግማኛለች፤ አውቃለሁ። ግን ከአፏ የወጣውን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ዘንድሮ አሰላ ላይ ዐውደ ጥናት ተደረገ። ያዘጋጀው ድርጅት ስሙ ተጠርቶ እስኪያልቅ ትንፋሽ ያጥራል፤ ርእሱም «ሀገር በቀል የሰላም ዕሴቶችና ዓለም አቀፍ አስተዳደር» ይላል። እንግሊዝኛው ያልዛገበት ሽማግሌ ፈልገው እኔን አስተርጓሚ አደረጉኝ። ፕሮግራሙን ሳየው ዋናው ተናጋሪ ዶክተር ሄንድሪክ ነው። ለለሊሴ ነገርኳት። የሥራ ተራዋን ከባልደረባዋ ጋር ቀይራ መጣችና ከኋላ ተቀመጠች።

አዳራሹ የሆቴል አዳራሽ ነው። ከፊት ረድፍ ላይ፣ ለማሳመር፣ ሲንቄ የያዙ እናቶች ተደርድረዋል፤ አዴ ዋጋዬም አሉበት። አንድ ዓይነት ሻሽ ታድሏቸዋል፤ ንግግር ግን አልታደላቸውም። ዶክተር ሄንድሪክ ሸብቷል እንጂ ያው ነው። ሥዕሎቹን በግድግዳው ላይ እያሳለፈ ይናገራል፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ እተረጉማለሁ። የለሊሴ ፎቶ መጣ፤ በሰማያዊ ቆብ፣ ሲንቄዋን አግድማ። «ይህች ጀግና የእናንተው ልጅ ናት» አለ፤ ተጨበጨበ። ቀጥሎ የራሱን ቢሮ አሳየ። ግድግዳው ላይ፣ በመስተዋት ውስጥ፣ ከሥሩ ትንሽ ጽሑፍ ተለጥፎለት፣ ያ ሲንቄ ተሰቅሏል። እኔ መተርጎም አቆምኩ። ለሊሴ ተነስታ ቆመች።

ዶክተሩ አላያትም፤ ቪዲዮ ከፈተ። ድምፅ የለውም፤ እሱ በላዩ ላይ ይናገራል። አንዲት ትልቅ ሴት ለካሜራው እየተናገረች ሲንቄውን ትዘረጋለች። «ሚሽኑ ሲዘጋ የማኅበረሰቡ ተወካይ ምስጋናዋን ስትገልጽና ይህን ስጦታ ስታበረክት ነው» አለ።

«ጋሼ ደመቀ!» አለች ለሊሴ ከኋላ። «ድምፁን ይክፈቱልኝ ይበሏቸው።»

ተረጎምኩለት። ሰዓት አጥሯል፣ ለሻይ ዕረፍት ሊወጡ ነው አለኝ። ኮምፒውተሩ ክርኔ ሥር ነበር። እኔ አርባ ዓመት ሕግ አክባሪ ሰው ነኝ፤ ያንን ቁልፍ ግን ተጫንኩት፤ ቪዲዮውንም ከመጀመሪያው መለስኩት።

የሐሊማ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ለሊሴ በወንበሮቹ መሃል እየመጣች፣ እናቶቹ እንዲሰሙ በኦሮምኛ፣ ቀጥላም በአማርኛ ተናገረችው። ስትተረጉም እጇ የወንበር ጀርባ አይለቅም።

«ይህ የለሊሴ ነው። ስጦታ አይደለም፤ አደራ ነው፤ ለእሷ አድርሱላት። ትሄዳላችሁ አሉን። እሷ ቃሏን አልበላችም፤ የበላችሁት እናንተ ናችሁ። እርግማኑ በእኔ ይድረስ ብላ ነበርና እንዳይደርስባት ቃሏን መልሼላታለሁ። ነፃ ናት በሏት። እኛ የሚመጣብንን እናውቃለን።»

ቪዲዮው አለቀ። ሐሊማ እጇን እንደዘረጋች ግድግዳው ላይ ቀረች። እስቲ አስቡት፤ እሳት ወደ ቤቷ እየመጣ፣ የሚጠብቋት ሰዎች ሻንጣቸውን እያሰሩ፣ ሴትዮዋ የምትጨነቀው ለአንዲት የአርሲ ልጅ ነፍስ ነበር። ያንን መልእክት የተቀበለው ሰው ድምፁን ዘግቶ ለስንት ዓመት በየአገሩ አዳራሽ እየዞረ ምስጋና ነው ሲል ኖረ። ያቺም ልጅ እዚህ በሯን ዘግታ ልብስ ታጥባለች።

የጮኹት አዴ ዋጋዬ ናቸው። በዚያ ዕድሜ ያ ድምፅ ከየት እንደወጣ አላውቅም። እናቶቹ በአንድ ላይ ተነሱ፤ ሲንቄዎቻቸውን አግድመው ከመድረኩ ፊት ተሰለፉ። በአዳራሹ ያለን ወንዶች ሁላችን፣ ባለሥልጣኑም ሾፌሩም፣ ብድግ አልን። ዶክተር ሄንድሪክ ግን የፕሮግራሙ ክፍል መስሎት ፊቱ በራ። አጨበጨበ። ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ።

«ዶክተር፣ ይህ ጭፈራ አይደለም» አልኩት። «ከስሰውሃል። ጥፋትህን አምነህ ይቅርታ እስክትጠይቅ አያሳልፉህም።»

ስልኩን ቀስ ብሎ አወረደው። ፊቱ ቀላ። ዐረብኛ እንደማይችል፣ የዚያን ቀን አስተርጓሚ እንዳልነበረው፣ ሴትዮዋ ያመሰገነች እንደመሰለው ተናገረ። ሚሽኑ እንዳይዘጋ እሱም ሪፖርት ጽፎ የሚሰማው እንዳጣ ነገረኝ፤ ይህን ሲል እውነት ይመስል ነበር። ለሊሴ መድረኩ ሥር ደረሰች።

«ሐሊማ የት ናት?» አለችው በእንግሊዝኛ።

«ሐሊማ ማን ናት?» አለ።

እጇን ወደ ግድግዳው ዘረጋች።

«ይቅርታ፣ ስሟን አላስታውስም። ከተዘጋ በኋላ የመከታተል ሥልጣን አልነበረንም» አለ።

«እሺ፣ ይቅርታ በል። ለእኔ ሳይሆን ለእሷ» አለችው።

ዶክተሩ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በለሆሳስ፣ በድርጅቱ ስም ይቅርታ ለመጠየቅ ከዋናው መሥሪያ ቤት ማስፈቀድ እንደሚያስፈልገው፣ አሁኑኑ እንደሚደውል፣ ለጥቂት ደቂቃ እንዲታገሡት ለምኜ እንድነግራቸው ጠየቀኝ። ነገርኳቸው። አዴ ዋጋዬ «ይደውል፤ እኛ የትም አንሄድም» አሉ። እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ከመድረኩ ጀርባ ገባ።

እናቶቹ የአዳራሹን በር ዘግተው ቆሙ። አንዲትም ሴት የጀርባውን በር ልጠብቅ አላለችም። ለምን ትበል? ከጥንት ጀምሮ ሲንቄ ፊቱ የቆመበት ወንድ ወይ ይንበረከካል ወይ ይለምናል፤ በጓሮ ሾልኮ የሄደ አልተሰማም። እኔም፣ የዓለምን ፖለቲካ አውቃለሁ ባዩ፣ አላሰብኩትም። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ባለሥልጣኖቹ አንድ በአንድ በስልክ ተጠርተው እናቶቹን አስፈቅደው ወጡ። እነሱ ግን ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ እግራቸው እያበጠ። በመጨረሻ አሰግድ የሚባለው የሆቴሉ አስተናጋጅ አፍሮ መጣና፣ እንግዳው በወጥ ቤት በኩል ወጥተው መኪናቸው ከአሰላ ከወጣች ቆይታለች አለን።

አዴ ዋጋዬ አልተቆጡም። በትራቸውን አወረዱና «ይህማ ሰው አይደለም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ፤ የእውነት ጥያቄ ነበር። ልጃቸውን አቅፈው «ሸጥሽው ብዬ ነበር፤ ማሪኝ» አሏት፤ የዚያን ቀን በዚያ አዳራሽ ይቅርታ የጠየቁ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከለሊሴ ጋር በባጃጅ ወደ ሰፈር ተመለስን። እኔ በንዴት እለፈልፋለሁ። ለድርጅቱ እጽፋለሁ፣ ለኤምባሲው እጽፋለሁ፣ ሲንቄሽን ከዚያ ግድግዳ አስወርጄ በእጅሽ አስገባለሁ፣ ሐሊማ መልሳልሻለች፣ የራስሽ ነው፣ ነፃ ነሽ እላለሁ። እሷ በመንገዱ ዳር ያለውን የብቅል ፋብሪካ አጥር ታያለች። ቤታችን ደጃፍ ስንደርስ እጄን ያዘች።

«አይጻፉ፣ ጋሼ» አለችኝ።

«ለምን? እሷው እኮ ናት የፈታችሽ!»

«ፈታችኝ፤ አዎ። ግን ሲንቄው እጄ አልገባም፤ አልተቀበልኩትም» አለች። «ዓለም ሁሉ ጥሏት ሄዷል። እኔም ከተፈታሁ ሐሊማ ማን ቀራት?»